«ፋይል» የት ገባ?

ከስክሪኑ አናት፣ በግራ ጥግ፣ ባለ አራት ቀለም ክብ ነገር ተቀምጧል። ያንጸባርቃል። ሁሉም ያየዋል፣ የሚጫነው ግን ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው የድርጅቱ ዓርማ መስሎታል። ማተም የፈለገ፣ የትናንቱን ደብዳቤ መክፈት የፈለገ፣ የጻፈውን በሌላ ስም ማስቀመጥ የፈለገ ሁሉ መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ያስሳል። የሚፈልገው በሙሉ ያለው ከዚያ ከሚያምረው ክብ ሥር ነው።

ዓመቱ 2007 ነው (በዚህ ዘገባ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007ን ለትልልቅ ድርጅቶች በ2006 ኖቬምበር መጨረሻ አስረክቦ፣ ለሌላው ገዢ ደግሞ ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በአንድ ቀን ለገበያ አቀረበው። በወርድ 2003 አናት ላይ የነበሩት ዘጠኝ ሜኑዎች፣ ከፋይል እና ከኤዲት ጀምሮ እስከ ሄልፕ፣ ከነዝርዝራቸው ተነሡ። በእነሱ ቦታ ሪበን የሚባል ሰፊ ሰሌዳ ገባ፤ ሰባት ታቦች አሉት፦ ሆም፣ ኢንሰርት፣ ፔጅ ሌይአውት፣ ሪፈረንስስ፣ ሜይሊንግስ፣ ሪቪው፣ ቪው። አንዱን ሲጫኑ የሌላው ዕቃ ከዓይን ይሰወራል። ኤክሴልም፣ ፓወር ፖይንትም፣ አክሰስም እንዲሁ ሆኑ። አውትሉክ ብቻ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ መልእክት የሚጻፍበት መስኮት ሪበን ሲለብስ ዋናው መስኮት ከነአሮጌው ሜኑ ቆየ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለውጡን ወደየቢሮው ያስገባው ማስታወቂያ አልነበረም፤ ፎርማት ነው። ቫይረስ የበላውን ኮምፒውተር እንዲያስነሣ የተጠራው ባለሙያ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጭናል፤ በእጁ የተገኘውን ኦፊስም አብሮ ይጭናል። «የትኛው ይሁንልሽ?» ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው? ጸሐፊዋ በማግስቱ ገብታ ወርድን ስትከፍት የሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ይመስላታል።

በፍርድ ቤቶች አካባቢ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች የሠራ ሰው የዚያን ሰሞን ጣጣ ያውቀዋል። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ እስከ በሩ የተሰለፈ ባለጉዳይ። አቤቱታው ተጽፎ አልቋል። «እህቴ፣ ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው» ይላል ከኋላዋ የቆመው ሰው። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ላይ ትወረውራለች። በወርድ 2003 ከዲስኬቷ ምስል ፈንጠር ብላ የምትታየው የፕሪንተር ምስል የለችም። ዲስኬቷ ራሷ አለች፤ አንሳ ከክቡ አጠገብ ተለጥፋለች። ማውሷ ፔጅ ሌይአውት ላይ ትሄዳለች፤ ስሙ ለወረቀት ይቀርባላ። ማርጅን አለ፣ የወረቀት መጠን አለ፣ ፕሪንት የለም። ቪው ውስጥ «ፕሪንት ሌይአውት» የሚል ታገኝና ደስ ብሏት ትጫነዋለች። ምንም አይወጣም። «መብራት ሄደ እንዴ?» ይላል ሰውየው። ከወዲያ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ዓይኗን ከራሷ ሥራ ሳታነሣ «ኮንትሮል ፒ በይው» ትላታለች። ወረቀቱ ይወጣል።

እዚህ ላይ ያዳናት ነገር ድንገተኛ አይደለም። የሪበኑ ሠሪዎች ሜኑውን ሲያፈርሱ በኮንትሮል የሚጀምሩትን የኪቦርድ አቋራጮች አልነኩም። ኮንትሮል ሲ ኮፒ፣ ኮንትሮል ቪ ፔስት፣ ኮንትሮል ኤስ ሴቭ እንደሆኑ ቀሩ። አሮጌው ቤት ፈርሶ አንዳንድ በሮቹ በነበሩበት ቆመው ነበር፤ ብዙ ሰው ግን በእነዚያ በሮች ገብቶ አያውቅም።

ለምን ነካኩት?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የሚሠራን ነገር ለምን ይነካካሉ? መልሱ አሮጌው ወርድ ከውጭ እንደሚታየው ጤነኛ አለመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው የዊንዶውስ ወርድ በ1989 ሲወጣ ሁለት የመሣሪያ አሞሌዎች ነበሩት፤ የሚታዘዛቸው ትእዛዞችም መቶ ገደማ ነበሩ። ወርድ 2003 ላይ ሲደረስ ትእዛዞቹ ከ1,500 አልፈዋል፣ አሞሌዎቹም ከሠላሳ በልጠዋል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ አዲስ እትም ለመሸጥ አዲስ ነገር መጨመር ነበረበት፤ የተጨመረው ሁሉ ደግሞ የሆነ ሜኑ ውስጥ ይወሸቃል። ቦታ ሲጠፋ በሜኑው ውስጥ ሌላ ሜኑ ይከፈታል፤ እሱም ሲሞላ ሦስተኛ።

ማይክሮሶፍት ችግሩን ቀድሞም አይቶት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ከበሽታው ባሰ። በኦፊስ 2000 ሜኑዎቹ «ብልህ» እንዲሆኑ ተደረገ። ብዙ ጊዜ የሚነካው ብቻ ይታያል፣ ሌላው በሁለት ትንንሽ ቀስቶች ሥር ይደበቃል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ዛሬ ሦስተኛው መስመር ላይ የነበረው ትእዛዝ ነገ አራተኛው ላይ ይገኛል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። እጅ የለመደውን ቦታ ማሽኑ በራሱ ፈቃድ ያንቀሳቅስበታል። ከዚያ በ2001 በኦፊስ ኤክስፒ ከስክሪኑ ቀኝ የሚቆም ሌላ ሰሌዳ መጣ። ደብዳቤ ለመጻፍ ሲጀመር «ላግዝህ?» እያለ ብቅ የሚለው ባለ ዓይኑ የወረቀት ማያያዣ፣ ክሊፒ፣ በኦፊስ 97 የገባውም ከዚሁ ጭንቀት ነው፤ የተጠቃሚውን ትዕግሥት ካስጨረሰ በኋላ በኤክስፒ ላይ ሳይጠሩት እንዳይመጣ ተደረገ፣ በ2007 ጨርሶ ተሰናበተ። ለእሱ ያዘነ ሰው አላጋጠመኝም።

ነገሩን ያከረረው ደግሞ ሌላ ነው። ደንበኞች «ኦፊስ ላይ ምን ይጨመር?» ተብለው ሲጠየቁ ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ ፕሮግራሙ ውስጥ ቀድሞ ያሉ ነገሮች ሆነው ተገኙ። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የገዙትን ዕቃ እንደገና ሥሩልን እያሉ ነበር።

ሥራው በጁሊ ላርሰን-ግሪን ለሚመራ ቡድን ተሰጠ። የአዲሱን ገጽታ ንድፍ በቅርብ የመራውና በኋላም በአደባባይ ሲያስረዳ የኖረው ጄንሰን ሃሪስ ነው፤ በማርች 2008 ላስ ቬጋስ ላይ በተደረገው ሚክስ ጉባኤ የሪበንን አወላለድ ከነውድቅ ሙከራዎቹ ዘርዝሮ አቅርቧል። በቡድኑ እጅ ከዚያ በፊት የገጽታ ነዳፊዎች ያልነበራቸው ነገር ነበር፦ ቆጠራ። ኦፊስ 2003 ፈቃደኛ ከሆኑ ተጠቃሚዎች የትኛው ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደተነካ እየቆጠረ፣ የሰውየውን ማንነትና የጻፈውን ሳይጨምር፣ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ይልክ ነበር።

ቆጠራው ያወጣው ነገር ይገርማል። በወርድ 2003 ከሁሉ በላይ የሚነካው ትእዛዝ ፔስት ነው። እሱ ብቻ ከጠቅላላው የትእዛዝ አጠቃቀም ከ11 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ሁለተኛ የሆነውን ሴቭን ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ሴቭን፣ ኮፒን፣ የተሠራውን ወደኋላ የሚመልሰውን አንዱንና ቦልድን ስንጨምርበት አምስቱ ብቻቸውን 32 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። የሰው ልጅ የቢሮ ሥራ ሲሶው እነዚህ አምስት ነገሮች ናቸው ማለት ነው። በሪበኑ ሆም ታብ ላይ፣ በግራ ጫፍ፣ ከሌላው ሁሉ ገዝፎ የተቀመጠው የፔስት ቁልፍ የመጣው ከዚህ ቁጥር ነው።

ግን ማን ነው የተቆጠረው? ቁጥሩን ለመላክ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሯ ከፕሪንተሩ በቀር ከምንም ጋር ያልተገናኘ የወረዳ ጸሐፊ በ2004 ቀኑን ሙሉ ብትጽፍ፣ ፔስትም ትበል ቦልድ፣ የማይክሮሶፍት መቀመጫ በሆነው ሬድመንድ ውስጥ የሚያውቅላት የለም። ለእሷም የተሠራው ገጽታ ከሌሎች እጅ እንቅስቃሴ የተቀዳ ነው።

ትክክለኛው ቦታና የሚታወቀው ቦታ

የአዲሱን አደራደር ጥሩነት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልውሰድ፦ በየገጹ ራስጌና ግርጌ ላይ የሚደገመው ጽሑፍ፣ ሄደርና ፉተር። በወርድ 2003 ይህ የሚገኘው ቪው ሜኑ ውስጥ ነበር። ለምን? ቪው ማለት ገጹን የምናይበት መንገድ ነው፤ ሄደር ግን የሚጨመር ነገር ነው፣ እንደ ሥዕል፣ እንደ ሠንጠረዥ። በ2007 ኢንሰርት ውስጥ ገባ፤ መግባት የነበረበትም እዚያ ነው። ሌላ ሰው ያረመውን በቀለም የሚያሳየው ትራክ ቼንጅስ ከቱልስ ወጥቶ ከአስተያየቶች ጎን ሪቪው ውስጥ ተቀመጠ። የኤክሴሉ ፒቮት ቴብል ከዳታ ወደ ኢንሰርት ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወርድን የሚማር ሰው ሁለቱን አሠራር ጎን ለጎን ቢያይ አዲሱን የማይመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ችግሩ ዓለም ላይ ወርድን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማረው ሰው በዚያን ሰዓት ጥቂት መሆኑ ነው። መርካቶ በተራ የተደራጀ ነው፤ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። የጎማ ነጋዴዎቹን ሁሉ ነቅሎ የተሻለ መንገድ ወዳለበት ጥግ የሚያዛውር ሹም ቢመጣ፣ አዲሱ ቦታ በካርታ ላይ እንከን ላይወጣለት ይችላል፤ ሃያ ዓመት በእግሩ እየሄደ የኖረው ደንበኛ ግን በዚያ ጠዋት ከገጠር ከመጣው እንግዳ እኩል ይሆናል። ሄደር ቪው ውስጥ መሆኑ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱን ግን ሁሉም አውቆት ይኖር ነበር።

አይቢኤም ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጆን ካሮልና ሜሪ ቤት ሮሶን በ1987 ባሳተሙት ጥናት ይህን ጠባይ ቀድመው ጽፈውታል። ሰው ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው ሥራውን ሊጨርስ እንጂ ኮምፒውተሩን ሊማር አይደለም፤ ስለዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ ቢነገረው እንኳ በሚያውቀው ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ቢማር ዓመቱን ሙሉ እንደሚቀለው ያውቃል። ያቺ አንድ ሰዓት ግን ዛሬ የለችም፤ ነገም አትኖርም፤ አለቃው ደብዳቤውን አሁን ነው የሚፈልገው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው የራሱ የሆነ ምክንያት አለ። በየኮምፒውተር ማሠልጠኛው ወርድና ኤክሴል የሚሰጡት በመንገድ ነበር። አሠልጣኙ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሠልጣኙ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፦ ፋይል፣ ከዚያ ፔጅ ሴታፕ፣ ከዚያ ማርጅን፣ ከዚያ ኦኬ። ደብተሩ ከምስክር ወረቀቱ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ሥራ ሲገኝም ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የሜኑዎቹ ስም እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ለማታዘወትር ጸሐፊ «ፎርማት» የሚለው ቃል ከትርጉሙ ይልቅ በቦታው ነው የሚታወቀው፤ ከግራ አምስተኛው። እንግሊዝኛ አንባቢው ሪበን ላይ ሲጠፋበት ስሞቹን እያነበበ ይደርስበታል። ቦታውን የያዘችው ግን ቦታው ሲሄድ አብሮ የሚሄድባት ነገር ብዙ ነው።

የአማርኛ ጸሐፊ ሌላም ዕዳ ነበረባት። ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች በሚጻፍበት ጊዜ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መሻገር ማለት ፎንት መቀየር ማለት ነው። ደብዳቤው መሐል አንድ የላቲን ስም ቢመጣ ፎንቱ ይቀየራል፣ ስሙ ይጻፋል፣ ፎንቱ ይመለሳል። በ2003 የፎንቱ ሳጥን ምንም ሲሠራ ቢዋል ከአናት አይጠፋም። በሪበኑ ግን የሚኖረው ሆም ውስጥ ነው፤ ሠንጠረዥ ለማስገባት ኢንሰርትን የነካ ሰው ፎንት ለመቀየር መጀመሪያ ወደ ሆም መመለስ አለበት። ጽሑፍ ሲመረጥ እንደ ጥላ ብቅ የምትለው ትንሿ አሞሌ ይህን በመጠኑ ታስታግሳለች፣ ግን ለማየትም መልመድ ይጠይቃል። ከቪስታ ጋር ኒያላ የተባለው የዩኒኮድ ግዕዝ ፎንት በነፃ መምጣቱን እዚህ ላይ ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል፤ ፎንት የመቀያየሩን ጣጣ ከሥሩ የሚነቅለው ዩኒኮድ ነውና። ነገር ግን ያ ሌላ ልማድ፣ ሌላ የፊደል ገበታ ነው፤ ሁለት ለውጥ ባንድ ሳምንት ማን ይችላል?

ግልባጩ ሁለተኛው ገጽ ላይ

ስለ ሪበን ሲወራ የሚረሳ አንድ ለውጥ አለ፤ ቢሮ ውስጥ ግን ከሪበኑ በላይ ያስጮኸው እሱ ይመስለኛል። ወርድ 2003 አዲስ ገጽ ሲከፈትለት ታይምስ ኒው ሮማን መጠን 12፣ መስመሩን ነጠላ አድርጎ ይጠብቃል። ወርድ 2007 ካሊብሪ 11 ይዞ መጣ፤ በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ርቀት ወደ 1.15 አሰፋው፤ ኢንተር በተመታ ቁጥር ከአንቀጹ በታች 10 ነጥብ ባዶ ቦታ ይተዋል። ስክሪን ላይ ለሚያነብ ሰው ይህ ዓይን ያሳርፋል።

አሁን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እናስብ። ከላይ በቀኝ ቁጥርና ቀን። ከዚያ «ለ» ተብሎ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት፣ ሥሩም «አዲስ አበባ»። ከዚያ «ጉዳዩ፦»። ሁለት አንቀጽ። «ከሠላምታ ጋር»። ከዚያ ለፊርማና ለማኅተም የሚተው ቦታ፤ በመጨረሻም «ግልባጭ» ተብሎ ደብዳቤው የሚደርሳቸው ክፍሎች አራት አምስት ሆነው ይደረደራሉ። ይህ ደብዳቤ ከእያንዳንዷ መስመር በኋላ ኢንተር የሚመታበት ነው። የማኅተሙን ቦታ ጸሐፊዋ የምትተወው በኢንተር ነው፤ ስንት ኢንተር እንደሚበቃ እጇ ያውቀዋል። በአዲሱ ወርድ ያው ደብዳቤ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው እጅ ሲጻፍ ግልባጩ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳል። የባሰ ቀን የኃላፊው ስም ራሱ ከነማዕረጉ ሁለተኛው ገጽ ላይ ብቻውን ይገኛል።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ወደ ኃላፊ ቢሮ ይዞ መግባት የሚያስከትለውን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ባዶ ገጽ ላይ አይፈረም። «ምነው ዛሬ?» ይባላል። አሥር ዓመት አንድም ደብዳቤ ተመልሶባት የማያውቅ ጸሐፊ ምን ብላ ትመልስ? «ማሽኑ ነው» ማለት ሰበብ ይመስላል። ወጥታ ፊደሉን ታሳንሳለች፣ ኢንተሮቹን ትቀንሳለች፤ ደብዳቤው ይጨማደዳል። መፍትሔው አንቀጹን ሁሉ መርጦ የመስመሩን ርቀት ወደ 1፣ ከአንቀጽ በታች ያለውን ቦታ ወደ 0 መመለስ፣ ከዚያም ያንን ለሚመጣው ሁሉ እንዲሆን አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የት እንዳለ ለሚያውቅ።

ፋይሉም ራሱ ተቀይሮ ነበር። አዲሱ ወርድ የሚያስቀምጠው በዶት ዶክኤክስ ነው፤ አሮጌው ወርድ ይህን የሚከፍተው ማይክሮሶፍት በነፃ ይሰጠው የነበረው ማገናኛ ከተጫነለት ብቻ ነበር። ስለዚህ በፍላሽ የመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዩኒቨርሲቲ ላብ ወጥቶ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ አልከፈት ይላል። ለብዙ ዓመት በጽሕፈት ቤቶች ሲሰማ የነበረው ልመና ይኸው ነው፦ «በአሮጌው ወርድ ሴቭ አድርጊልኝ እባክሽ፣ እኛ ቢሮ አይከፍትም።»

የሒሳብ ክፍል ሰዎች ግን ደስ የሚላቸውም ነገር አገኙ። አሮጌው ኤክሴል በአንድ ገጽ 65,536 ረድፍና 256 ዓምድ ነበረው፤ አዲሱ 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ ሆነ። የዓመቱን ዝርዝር በወር በወር ከፋፍሎ በተለያየ ገጽ ይዞ የነበረ ሰው አንድ ላይ ጠቀለለው። ሪበኑን እየረገመ ረድፎቹን መውደዱ አልከለከለውም።

ለምን ምርጫ አልተሰጠም?

ሕዝቡ የጠየቀው ይህን ነበር። አንድ ቁልፍ ይኑር፤ የፈለገ ወደ አሮጌው ሜኑ ይመለስ። ማይክሮሶፍት እንቢ አለ፤ ያልታሰበበት እንቢታም አልነበረም። ሁለት ገጽታ መያዝ ማለት እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መሥራት፣ ሁለት ጊዜ መፈተሽ፣ ሁለት ዓይነት መመሪያ መጻፍ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መመለሻ ካለ ብዙው ሰው በመጀመሪያው ቀን፣ የመጀመሪያው ነገር ሲጠፋበት፣ ይመለሳል፤ ከዚያም አይመጣም። ካሮልና ሮሶን እንደጻፉት ማለት ነው።

ለባለሙያው ያቀረቡለት ማካካሻ ነበር። ከክቡ ጎን ያለችው ጠባብ አሞሌ የሚወዱትን ትእዛዝ ሁሉ እንድትይዝ ማድረግ ይቻላል። ኮንትሮል ኤፍ 1 ሪበኑን አጥፎ ለገጹ ቦታ ይሰጣል። ኦልት ሲነካ በየቁልፉ ላይ ፊደል ብቅ ይላል። በኢንተርኔት ደግሞ የአሮጌው ወርድ ምስል ላይ ሜኑውን ሲመርጡ በአዲሱ የት እንደሄደ የሚያሳይ መመሪያ አወጡ። በዚህ መሐል ሌሎች ኩባንያዎች ገበያ አገኙ፤ አሮጌዎቹን ሜኑዎች ሪበኑ ላይ እንደ አንድ ተጨማሪ ታብ የሚሰቅሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ይሸጡ ጀመር።

እኔ ሪበኑ ራሱ መጥፎ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የተሠራው በጥንቃቄ ነው፤ ለጀማሪ ይቀላል፤ ተቀብረው የነበሩ ነገሮችን ወደ ፊት አውጥቷል። የማልቀበለው ሒሳቡን ነው። የማያውቀው ሰው አተረፈ፤ ክፍያው ግን ለሚያውቀው ተላከ። ያ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቢሮው ዝቅተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው አንዱ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሜኑው ቢቀየር ምን ቸገረው፤ «ቅርጹን አስተካክዪልኝ» ብሎ ይልካታል። ለእሷ ግን ሁሉም እየመጣ «እትዬ፣ ይሄ እንዴት ነበር?» የሚላት ያን ቦታ ስለምታውቅ ነበር። ቢሮ ውስጥ የነበራት ክብር ግማሹ እሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አዲስ ተቀጥሮ የገባው ልጅ፣ ካምፓስ ሳለ በ2007 የተማረው፣ ከእሷ ቀድሞ ያገኘዋል። ይህን የሚቆጥር ማሽን ሬድመንድም የለም፣ እዚህም የለም።

የኋላ ኋላ

የክቡ ነገር ብዙ አልቆየም። በ2010 የወጣው ኦፊስ ክቡን አንሥቶ በቦታው ታብ አደረገ፤ ታቡ ላይ የተጻፈው «ፋይል» ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ቃሉ ወደነበረበት ጥግ ተመለሰ። በዚያው እትም ሪበኑን ራሱን እንደልብ ማስተካከል ተፈቀደ። ማክ ኮምፒውተር የያዙት እስከዚያ ድረስ እያዩ ይስቁ ነበር፤ የ2008ቱ የማክ ኦፊስ ሪበን አልነበረውም፣ በ2011ዱ እትም እነሱም ተራቸው ደረሰ። ሜኑውን አጥብቆ በመያዝ ስደተኞችን ሲቀበል የነበረው ሌላው የቢሮ ፕሮግራም፣ ሊብሬኦፊስ፣ እንኳ በ2019 በወጣው 6.2 ላይ ሪበን መሰል ገጽታ በምርጫ ሰጥቷል። በምርጫ። አሮጌው ሜኑ ግን ዛሬም ዋናው ገጽታው ነው።

ላርሰን-ግሪንና ሃሪስ በስቲቨን ሲኖፍስኪ አመራር ወደ ዊንዶውስ ተሻግረው ዊንዶውስ 8ን ከሠሩት መካከል ነበሩ። በ2012 ያ ዊንዶውስ የስታርት ቁልፍን አነሣ። በዚህኛው ጊዜ ሕዝቡ አልታገሠም፤ በዓመቱ በ8.1 ቁልፏ ተመለሰች። ሪበኑ ለምን ተረፈ፣ ስታርትን ማንሣት ለምን ከሸፈ ብዬ ሳስብ የማገኘው ልዩነት ይህ ነው፦ ሪበኑ ለዚያው ሥራ፣ ለዚያው ማውስ፣ የተሻለ አደራደር ነበር። ዊንዶውስ 8 ግን በማውስ የሚሠራውን ሰው በጣት የሚነካ ስክሪን እንዳለው አድርጎ ነው ያስተናገደው።

በጁን 2018 ማይክሮሶፍት ሪበኑን ራሱን የሚያቀል ሌላ ገጽታ ይፋ አደረገ፤ ሦስት ረድፍ የነበረው ወደ አንድ ረድፍ የጠበበ። በኢንተርኔት በሚሠራው ወርድ ላይ ጀመረው፤ በአውትሉክም የፈለገ ወደ ነባሩ መመለስ እንዲችል አድርጎ አወጣው። በዊንዶውስ ላይ ለሚሠሩት ወርድ፣ ኤክሴልና ፓወር ፖይንት ግን ለጊዜው እንደማያመጣው አስታወቀ። ምክንያት ያደረገው የተጠቃሚው እጅ ነባሩን ሪበን ስለለመደ ሥራው እንዳይስተጓጎል መጠንቀቅ እንዳለበት ነው። በ2007 ሜኑው እንዳይነካ የለመኑት ሰዎች ያቀረቡት ክርክር ቃል በቃል ይኸው ነበር፤ አሁን ኩባንያው ለሪበኑ ጥብቅና ቆሞበታል።

ካሊብሪም ጊዜው ደርሶ በ2023 አፕቶስ የተባለ ፎንት ተተካበት። ደብዳቤዋን በራሷ አብነት አስቀምጣ የምትጽፍ ጸሐፊ ይህን ላታውቀውም ትችላለች።

አሮጌው ኤክሴል ላይ ስሌቱን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ለመለጠፍ ሒሳብ ሠራተኛው ኦልት፣ ኢ፣ ኤስ፣ ቪ ይመታ ነበር። ኢ የምትለው ፊደል የምትጠራው ኤዲት የሚባለውን ሜኑ ነው። ያ ሜኑ ከ2007 ወዲህ የለም። ዛሬ ባለው ኤክሴል ላይ ኦልትና ኢ ሲመቱ ከአናት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና የአሮጌውን ኦፊስ አቋራጭ እየተጠቀሙ እንደሆነ ነግራ የቀረውን እንዲቀጥሉ ትጠብቃለች፤ ኤስ እና ቪ ሲጨመሩ ኢንተር ብቻ ነው የሚቀረው፣ ቁጥሩ ይለጠፋል።